የሰባት ቁጥር ባለቤት

እህቴ ከካርቶን ጋር ስታወራ የሰማኋት ሊነጋ ሲል ነው። ክፍላችንን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ በዚህ በኩል እኔ፣ በዚያ በኩል እሷና እናታችን እንተኛለን፤ መጋረጃው ደግሞ ከመሳሳቱ የተነሳ ወዲያ ማዶ ዝንብ ብታስነጥስ ወዲህ «ይማርሽ» ያሰኛል። «ሁለት ሺህ ብቻ ነው የምለምንህ» ትለዋለች ካርቶኑን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የታመመ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። «ሁለት ሺህ ተሸከምልኝ። ከዚያ በላይ አንዲት ዋት አልጠይቅህም። የሚጭኑብህ ሰሌዳህ ላይ የተጻፈውን ያህል ነው፤ እሱን ደግሞ ትችላለህ፤ አብረን አይተነዋል።» በዚያች ቅጽበት የደነገጥኩትን ድንጋጤ ለአራት ጎረምሳ ቢያካፍሉት አራቱም አልጋ ላይ ይውሉ ነበር። ምክንያቱም ካርቶኑ ውስጥ ባለው ማሽን ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሁለት ሺህ አይደለም። ሦስት ሺህ ነው። የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ። ቆርቆሮ ሠሪ ስላችሁ እንደ ማንኛውም ቆርቆሮ ሠሪ እንዳታዩኝ፤ በዚህ ከተማ ዝናብ ቂም የያዘበት ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ ግማሹን ጣሪያ የዘጋሁበት እኔ ነኛ! ሰፈርተኛው «አባ ጨምር» ይለኛል፤ በቅናት ነው። እህቴን ደግሞ «ሽቦ» ይሏታል፤ የመዳብ ሽቦ ስትጠመጥም ስለምትውል፣ ራሷም ከሽቦ ብዙ ስለማትወፍር። ማሽኑን የሠራችው እሷ ናት። ከባትሪ የሚወጣውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር ነው፤ አራት ዓመት ፈጅቶባታል። የእኔ ድርሻ ሳጥኑ ነው፤ ቆርቆሮውን ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ቀለም ቀብቼ፣ መጨረሻ ላይ ከጀርባው የምትለጠፈዋን ትንሽ የአሉሚኒየም ሰሌዳ መምታት። ባለፈው ሳምንት በብጣሽ ወረቀት «2000 ዋት» ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። የቁጥር ማተሚያውን ብረት ደግኜ መዶሻዬን ስሰነዝር ቁጥሩ ዓይኔ ላይ አነሰብኝ። አራት ዓመት ለተለፋበት ነገር ሁለት ሺህ! ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ነጋዴ ከውጭ የመጣ ሳጥን ላይ አምስት ሺህ የሚል ለጥፎ ይቸበችባል፤ ሳጥኑን ብትከፍቱት ግን ከንፋስ በቀር ምንም የለበትም። ለእኔ ሰሌዳ ማለት እንደ ሰው ማዕረግ ነው፤ ሻምበሉን ሻለቃ ብትሉት ማን ይጎዳል? ሁለቱን አስቀምጬ ሦስቱን አነሳሁ። ጥርት ብሎ ወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሦስት መትቼ አላውቅም። ከዚያ ማሽኑን ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በፕላስተር ጠፍሬ፣ ትናንት አምጥቼ አስረከብኳት። ፈተናው በሰሌዳው ልክ እንደሆነ ምናልባት ነግራኝ ይሆናል፤ እሷ ስታወራ ግን ብዙ ጊዜ እኔም እያወራሁ ነው።

ቁርስ ላይ ልነግራት ቆርጬ ተነሳሁ። ቁርሱ ሻይና ዳቦ ነው፤ ጠረጴዛዋ ከመጥበቧ የተነሳ የአንዱ ክርን የሌላውን ብርጭቆ ይገፋል። እናታችንና እህቴ ግን በዚያች ጠረጴዛ ላይ ተፋጠው ከተነጋገሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እህቴ የመጀመሪያውን መዳብ ለመግዛት እናታችን የሰጠቻትን የልብስ ስፌት መኪና ከሸጠች ወዲህ። የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። «ለእህትህ ንገራት፣ ሻይዋ እየቀዘቀዘ ነው» ትላለች እናቴ፣ እህቴ አፍንጫዋ ሥር ቁጭ ብላ። «ለእማዬ ንገራት፣ እየጠጣሁ ነው» ትላለች እህቴ። እኔም በመሃል ለሁለቱም ትንሽ ቅቤ እየቀባሁ አደርሳለሁ። የዚያን ቀን እናቴ ካርቶኑን በጎን አየት አድርጋ «ንገራት፣ ወገቧን እንዳይቀጨው፤ አንተ ተሸከምላት» አለች። «እማዬ ‹ይቅናሽ የኔ ጀግና፣ ድል አድርገሽ ተመለሽ› ብላሻለች» አልኳት። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እሷ ‹የኔ ጀግና› አትልም።» «ብላለች። ጆሮሽ ነው።» እናታችን ሻይዋን ፉት አለች፤ «አላልኩም»ም «ብያለሁ»ም አላለች። በዚያ ዝምታ መሃል «ሰሌዳው ላይ እኮ…» ብሎ መጀመር የሚችል ወንድ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ዳቦዬን ጎረስኩ።

ምን እየተጠበቀ እንደሆነ ልንገራችሁ። አራት ከተሞች ውስጥ ያሉ አራት በጎ አድራጎት ማኅበራት ጥምረት ፈጥረዋል። አንዱ ለጤና ጣቢያዎች መብራት ያስገባል፤ አንዱ ሴቶችን ሙያ ያስተምራል፤ የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሚሠሩ እርስ በርሳቸውም ይጠያየቃሉ። ያሰቡት ነገር ግን ቀላል አይደለም፤ ለአካባቢው ጤና ጣቢያዎች የሚያስፈልገውን ሦስት መቶ ኢንቨርተር ከባሕር ማዶ ከምናስመጣ እዚሁ ያለ እጅ ይሥራው ነው የሚሉት። ዛሬ ተፈትኖ ያሸነፈው ማሽን በአራቱም ከተሞች ባሉ ወርክሾፖች ይባዛል፤ ሠሪውም እየዞረ ያሠለጥናል። ለእህቴ ይኼ ማለት ዕቃዋን ከአልጋዋ ሥር አውጥታ ወርክሾፕ ያላት ሰው መሆን ማለት ነው። ፈተናው ላይ ከተቃጠለ ደግሞ ሌላ ማሽን የላትም። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ገበያ ላይ አይገኙም፤ ሰው ከሩቅ እስኪመጣ ተጠብቆ፣ ተለምኖ፣ በሻንጣ ጥግ የሚመጡ ናቸው፤ እነዚህን ለማግኘት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጠብቃለች።

የታክሲው ሾፌር ካርቶኑን ሲያይ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «ይሄ የሁለት ሰው ይከፍላል» አለ። «ካርቶን እንዴት ሁለት ሰው ይሆናል?» አልኩት። «ካንተ ይወፍራል። አንተ ስንት ነው የምትከፍለው?» ተሳፋሪው ሳቀ። እህቴ ሳትከራከር የሁለት ሰው ጨምራ ከፈለችና ካርቶኑን መስኮት ዳር አስቀመጠችው፤ እሷ በኔና በአንዲት ዘንቢል የያዙ ሴትዮ መሃል እንደ ፖስታ ተጣበቀች። በየጉድጓዱ መኪናው በዘለለ ቁጥር እጇን ካርቶኑ ላይ ታደርጋለች። ሱቄ ባለበት መታጠፊያ ልንደርስ ስንል ላቤ መጣ። አምስት ደቂቃ ይበቃኛል፤ ሰሌዳዋን የያዘውን ሪቬት ነቅዬ፣ አዲስ ሰሌዳ መትቼ፣ መልሼ። «ሽቦዬ፣ በሱቄ በኩል እንለፍ፤ አንዲት ነገር ረስቻለሁ።»

«ምን?»

«አንዲት… ብሎን።»

«ብሎኖቹ ሃያ አራት ናቸው። ሃያ አራቱም ገብተዋል፤ ማታ ነቅነቅ አድርጌ በድምፁ አውቄዋለሁ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ለነዚያ ለሱቅህ ወሬኞች ልታሳይ ነው አይደል? ምዝገባው ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዛሬን ብቻ ተወኝ፣ ስሞትልህ።»

መታጠፊያው አለፈ። ሱቄ ከነ ተዘጋ በሯ፣ ከነ ተንጠለጠሉ አሸንዳዎቿ በመስኮቱ ሽው ብላ ሄደች፤ የኔም ነፍስ አብራት። «ሰሌዳውን አሳምረህ መታህልኝ?» አለችኝ ቀጥላ፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል። እንግዲህ እግዜር በር ከፍቶ «ግባ» ሲል ማለት ይኼ ነው። እውነት መናገር ግን እንደ ውኃ ዋና ልምምድ ይፈልጋል፤ ዕድሜ ልኩን ከዳር ቆሞ ያወራ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ድንገት ዝለል ቢሉት አይዘልም። «እንደዚያ ያማረ ሰሌዳ ታይቶ አይታወቅም» አልኳት። እውነቴን ነው።

አዳራሹ ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። ጣሪያውን እኔ አልሠራሁትም፤ ለዚህ ነው የሚያፈሰው። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከአራቱም ከተሞች የመጣ ሠሪ፣ ባትሪ ሻጭ፣ የማኅበር ሰው፣ ወሬ ሊያይ የመጣ ሁሉ ተጠጋግቷል። በር ላይ በረኛው ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ ከመጋረጃ ጀርባ ሊፈታው ወሰደና አንዲት ትኬት ለሁለት ቀዶ ግማሿን ሰጠኝ። ሰባት ቁጥር። ስም የሚባል አልጠየቀም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ባለፈው ዙር እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ከተማ ማሽን ካላሳለፍኩ ብሎ ወንበር ተወራውረዋል። አርባ ወንበር ነው ይባላል፤ እኔ አልነበርኩም፤ ብኖር ሰማንያ ይሆን ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ የጥምረቱ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ ድምፃቸው ግን አሁንም መርፌ ነው፣ መድረኩ ላይ ወጥተው ደንቡን አነበቡ። «ማሽን ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ። መርማሪያችን ሰሌዳውን ለራሱ ያነባል፤ ጮክ ብሎ አያነብም። እናንተ ‹እችላለሁ› ያላችሁትን እናምናችኋለን፤ እስከዚያው ድረስ እንጭናለን። ፈተናው ሲያልቅ በግማሽ ትኬታችሁ ትመጣላችሁ፤ ያኔ ስማችሁ ይጻፋል። ከዚያ በፊት ‹የኔ ነው› ያለ ሰው፣ ማሽኑ ይወጣል፣ ስሙም ለሁለት ዓመት ከመዝገብ ይሰረዛል። ቀጣዩ ዙር ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ የተሰረዘ ሰው ያን ጊዜም አይገባም። ያልገባው አለ?» ለእኔ ግን ከሚበቃኝ በላይ ገባኝ። ዝም ካልኩ ማሽኑ ይቃጠላል። ከተናገርኩ ይባረራል። እንዲህ ያለውን ነገር ነው ወፍጮ የሚሉት፤ ላይኛው ድንጋይም ታችኛውም ያንተው ናቸው።

ግድግዳው ላይ ሠላሳ አምፖል ተሰቅሏል። ስድስት ረድፍ ነው፤ በየረድፉ አምስት አምስት፤ እያንዳንዱ አምፖል መቶ ዋት። አንድ ረድፍ ሲበራ ማሽኑ ላይ አምስት መቶ ዋት ተጫነበት ማለት ነው፤ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ቀጣዩ ረድፍ። ሁለት ሺህ ያለ በአራተኛው ረድፍ ያበቃል። ሦስት ሺህ ያለ ግድግዳውን ሙሉ ማብራት አለበት። መርማሪው ከሩቁ ከተማ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ማሽኑን እንደ ሐኪም በእጁ ጀርባ ይዳብሳል። አንድ ቁጥር አለፈ። ሁለት ቁጥር አለፈ። ሦስት ቁጥር አራተኛው ረድፍ ላይ ሳለ ጠርሙስ እንደሚሰበር ድምፅ አሰማና ከጎኑ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ አምፖሎቹ በአንድ ጊዜ ድርግም። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው (እሺ፣ መቶ ሰው) የባለቤቱን ፊት ፍለጋ ዞረ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አላለቀሰም። ደንቡ ነዋ! አጠገባችን የተቀመጠ ባትሪ ሻጭ፣ ሆዱ ለብቻው ወንበር የሚፈልግ፣ «አይ! ውስጡ ያለው የማን አንጀት ይሆን?» አለና ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ የተቃጠለው የራሱ የሆነ ይመስል ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ምነው ገረጣህ? ያንተ ነው እንዴ?» አለኝ። «እኔ ከሠራሁ ጭስ አያወጣም፤ ፀሐይ ነው የሚያወጣው» አልኩት። አፌ እንዲህ ነው፤ ቤቱ ሲቃጠል እንኳ ይቀልዳል። እህቴ ግን አልሳቀችም። የተቃጠለውን ማሽን ሲያነሱት ታያለች፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ሰባት ቁጥር ወጣ። ቀለሙ ያብለጨልጫል፤ ማጠፊያዎቹ ምላጭ ይመስላሉ፤ ሳጥኑን ያየ ሁሉ «ይኼስ ከፋብሪካ ነው» ማለቱ አይቀርም። ከጀርባው ያለችውን ሰሌዳ እኛ ካለንበት ማየት አይቻልም። መርማሪው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አነበበ፣ ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ማብሪያውን ነካ። የመጀመሪያው ረድፍ በራ። ነጭ ብርሃን፣ ንቅንቅ የማይል። እህቴ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቷ ደቂቃ ትቆጥራለች። ሁለተኛው። ሦስተኛው። የማሽኑ ማራገቢያ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እሷም ከሱ ጋር አብራ ተነፈሰች። አራተኛው ረድፍ ሲበራ ጣቷ ቆመ፤ አምስት ደቂቃ ሙሉ አልተንቀሳቀሰችም፤ እኔ ዘንድ ግን የዓለም ሰዓቶች ሁሉ ደረቴ ውስጥ ገብተው ይመቱ ነበር። ደቂቃው አለቀ። እህቴ «ተመስገን» አለች በትንፋሿ፣ ወደ እኔም ዞራ ሳቀች። ይህን ሳቋን ካየሁ ስንት ዘመኔ! መርማሪው እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ። አላጠፋም። አምስተኛው ረድፍ በራ።

ሳቋ ፊቷ ላይ ቀረ፤ እንደ ረሱት ልብስ። «ጋሼ፣ ለምንድነው የማያቆሙት?» አለችኝ በሹክሹክታ። አምፖሎቹ ሁሉ ትንሽ ወዝ አጡ፤ ነጩ ወደ ቢጫ ሄደ። ማራገቢያው እንደ ተናደደ ንብ ይጮሃል። «ሦስት ብዬ ነው የመታሁት» አልኳት። ከአፌ የወጣው ነገር ከዚህ በፊት ካወጣኋቸው ሁሉ ያነሰ ነበር፤ ራሴም አልሰማሁትም። እሷ ግን ሰማች። አልሰደበችኝም። አላየችኝም። እኔ የማላውቀውን ነገር እያሰላች ዓይኗን ማሽኑ ላይ እንደ ተከለች «ስድስተኛውን ሲያበሩት ትራንዚስተሮቹ ይሄዳሉ» አለች፤ ለእኔ አይደለም፤ እንዲሁ ለአየሩ። የግድግዳ ሰዓቱ አንድ ደቂቃ ሄደ። ሁለተኛ። ቀስ ብሎ የሞቀ ቫርኒሽ ሽታ መጣ፤ ባትሪ ሻጩ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ «ይኸውልህ፣ ሌላዋ ልትሄድ ነው» አለኝ። ሦስተኛ ደቂቃ። እህቴ የፊት ወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች፤ ጉልበቷ ሲዘረጋ አየሁ። ልትነሳ ነው። ተነስታ «የኔ ነው» ልትል ነው። ማሽኑ ይተርፋል፤ እሷ ግን ለሁለት ዓመት ሰው አይደለችም።

ጀግንነት ነው ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ፤ ለወትሮው ጽፋችሁ ብትሰጡኝ ደስ ይለኝ ነበር። አስቤ አልነበረም። የእሷን ነገር «የኔ ነው» ማለት አፌ ላይ ያለ ልማድ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሱቄ ለመጣ ሁሉ «ኢንቨርተር እየሠራሁ ነው» ስል ኖሬያለሁ፤ «እየሠራን» እንኳ አላልኩም። በትከሻዬ ወደ ወንበሯ መልሼ ገፋኋትና ከእሷ ቀድሜ ተነሳሁ። «አቁሙ! ሰባት ቁጥር የኔ ነው!» ድምፄ ጣሪያውን ነካ። መርማሪው ማብሪያውን አጠፋ፤ ግድግዳው ሁሉ ጨለመ፤ ማራገቢያው ብቻ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሰብሳቢዋ ከመድረኩ ወርደው ፊቴ ቆሙ። «ደንቡን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ሰሌዳው ላይ ሦስት ሺህ ነው የሚለው። አጋንኜ ነው። አቅሙ ሁለት ሺህ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በሕይወቴ ብዙ ሰው አስቄያለሁ፤ ሳልፈልግ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ግማሽ ትኬቷን ሰጠኋቸው፤ ከሌላዋ ግማሽ ጋር ገጠሟት፤ ስሜን ጠየቁኝ፤ ትልቁ መዝገብ ላይ ጻፉትና እዚያው በማስመሪያ ቀጥ አድርገው ሰረዙት። ባትሪ ሻጩ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንተ ነህ ለካ! እኔ እኮ ከአፍህ በቀር ሙያ የለህም ብዬ ነበር።» እህቴ ወንበሯ ላይ ናት። ማንም አላያትም። የአባ ጨምር እህት፣ ዕቃ ልታግዝ የመጣች።

ለዕረፍት ሲወጡ መርማሪው በጣቱ ጠራኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው ክፍል ስንሄድ እህቴ በመተላለፊያው ላይ ክንዴን ያዘች፤ ጥፍሯ ገባ። «ስሜን እንዳታነሳ» አለችኝ። «ስድስት ወር ነው የቀረኝ።» ተከትላኝም ገባች። ክፍሉ ውስጥ ሰባት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ሃያ አራቱ ብሎኖች በአንድ ሳህን። ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ውስጡን ግን በቅጡ አይቼው አላውቅም ነበር። መርማሪው በእጁ ጀርባ የመዳቡን ጥቅል ነካና ራሱን ነቀነቀ። «ሰሌዳህ ውሸታም ነው» አለኝ። «ማሽንህ ግን ጨዋ ነው። ከአቅሙ አምስት መቶ በላይ ተጭኖበት ጥቅሉ እጅ ያስነካል። ትራንዚስተሮቹ ናቸው ያቃታቸው፤ ጥቅሉ ገና ይችል ነበር። ሃያ ዓመት ስመረምር እንዲህ ያለ አጠማጠም አላየሁም። አንተ ሰውዬ እጅህ ወርቅ ነው።» ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ቃል! ከሚያውቅ ሰው አፍ፣ ሳልለምን፣ ምስክር ባለበት። የወርቁ እጅ ባለቤት ግን ከጀርባዬ ቆማለች። ከዚያ በእስክሪብቶው ጫፍ በመዳቡ ድርብርብ መሃል ተሰክተው ያሉ ቀጫጭን የእንጨት ስንጥሮችን ጠቆመኝ። «እነዚህን ምን አስበህ ነው የከተትካቸው?»

እኔ ረስታ የተወቻቸው ፍርፋሪ መስለውኝ ትናንት ሳጥኑን ስዘጋ ነቅዬ ልጥላቸው ነበር። አፌን ከፈትኩ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ይኼን ማሽን…» እህቴ እግሬን በተረከዟ ረገጠችው። ወደ ፊት መጣች፣ አንድ ጣቷን ጥቅሉ ላይ አሳረፈች። «ወንድሜ ንግግር አይሆንለትም» አለች። ይህን ዐረፍተ ነገር ስለ እኔ የተናገረ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም፣ ከእሷም በኋላ አይኖርም። «እኔ አጠገቡ ሆኜ አይ ስለነበር ልንገርዎት። ሦስት ጊዜ ተቃጥሎበታል። ሽቦው በተወደደ ቁጥር ከተቃጠለ ሞተር እየፈታ፣ እየላጠ ነበር የሚጠመጥመው። ሦስተኛው ሲቃጠል ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፤ ቤት ውስጥም ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ የተቃጠለውን ጥቅል በመጋዝ ለሁለት ከፈለው። ዳር ዳሩ ደህና ነው፤ የጠቆረው መሃሉ ነው። ‹ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው የሞተው› አለ። ደጋግሞ ሲያስብ ቆይቶ በየድርቡ መሃል ስንጥር ሰካ፤ በቫርኒሽ ነክሮ፣ አድርቆ፣ አየር ከሥር ገብቶ በላይ እንዲወጣ። ሰው ቢጠይቀው ኖሮ ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር፤ ግን ሁሉም ሥራ ላይ ነበር።» ድምጿ እየሞቀ ሄደ። እጆቿ በአየር ላይ ይጠመጥማሉ። እኔ ከመጋረጃው በዚህ በኩል አራት ዓመት ተኝቼ ያልሰማሁትን በዚያች ሩብ ሰዓት ሰማሁ፤ ሁሉንም የሠራሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ። የተራብኩትም፣ ያለቀስኩትም፣ የገባኝም እኔ።

መርማሪው እሷ በተናገረች ቁጥር እኔን እያየ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይጽፋል። ሲጨርስ ደብተሩን በጣቱ መታ አደረገው። «ይኼን ለአራቱም ከተሞች በምናዘጋጀው የማሠልጠኛ መጽሐፍ ውስጥ አስገባዋለሁ። ደንቡ ከውድድር ነው እንጂ ከመጽሐፍ አያስወጣህም። በስምህ ነው የሚወጣው፤ የአንተ አጠማጠም ተብሎ።» ከዚያ በደግነት ወደ እህቴ ዞረ። «አንቺም ጎበዝ ነሽ፤ አስተውለሽ አይተሻል። ከወንድምሽ ተማሪና በሚቀጥለው ዙር ሞክሪ እንጂ።»

«እሞክራለሁ» አለች እህቴ። የመዳቡን ጥቅል ለቀቀችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከዚያ ስለ ሰሌዳው ከነገርኳት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አየችኝ። «እንዲህ አይደል የሠራኸው ጋሼ?»

መርማሪው እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አቁሞ ይጠብቃል። እሷም ትጠብቃለች።

«ነው» አልኩ።